በድሬ ሙቀት የልጆች ፊት መቀባት፦ ቀለም፣ ውሃ፣ ላብና 40 ልጆች

የከዚራዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ድሬዳዋ ውስጥ ለልደት፣ ለመዋዕለ ሕፃናት ምርቃትና ለበዓል ዝግጅት የልጆችን ፊት መቀባት (ፌስ ፔይንቲንግ) በደንብ መማር እፈልጋለሁ። ወረቀት ላይ መሣል አያስቸግረኝም፤ ፊት ላይ ግን አራት ነገር አልያዝ ብሎኛል።

ቀለሙ፦ ሱቅ ውስጥ «መርዝ የለውም» የሚል አክሪሊክ አለ፤ ይሆናል ወይ? ጠይም ልጅ ላይ ደግሞ ሮዙና ውሃ ሰማያዊው አመድ ይመስላል። መስመሬ ወይ መሃል ላይ ይቆረጣል ወይ ይፈሳል። ላቡን ተዉት፤ ሥዕሉ ሳያልቅ ከላይኛው ከንፈር ላይ ያለው ተጠርጎ ያልቃል።

የመጀመሪያው ሥራ ሰኔ ላይ የሚደረግ ምርቃት ነው። 40 ልጆች፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፣ ግቢ ውስጥ ዳስ ሥር። የምታውቁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ብሩሽ 4

እህቴ፣ አክሪሊኩ አይሆንም። «መርዝ የለውም» ማለት ልጅ ወረቀት ሲቀባ ጣቱን ቢልስ አይመረዝም ማለት ነው፤ ቆዳ ላይ ይቀባል ማለት አይደለም። አክሪሊክ ሲደርቅ ፕላስቲክ ነው። ፊት ላይ ይጣበቃል፣ ልጁ ሲስቅ ይሰነጠቃል፣ ሲላጥም ጥቃቅኑን ፀጉር ነቅሎ ይነሳል። የትምህርት ቤት የውሃ ቀለም፣ ማርከርና የጥፍር ቀለምም ከዚያው ወገን ናቸው።

የሚፈለገው ለፊት ተብሎ የተሠራ፣ በውሃ የሚነቃ ቀለም ነው። በክብ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እንደ ሳሙና ደርቆ ይመጣል። ስናዛሩ፣ ሜህሮንና ክርዮላን የታወቁ ስሞች ናቸው። ታይዋን ገበያም ሆነ ቀፊራ ገበያ ያገኘሽውን ዕቃ በስሙ ብቻ አትመኚው፤ ገልብጠሽ ጀርባውን አንብቢ። የውስጡ ይዘት በሙሉ መዘርዘር አለበት፣ የሚያበቃበት ቀን መኖር አለበት፣ ቀለሞቹም «ሲ አይ» (CI) በሚል ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር ይጻፋሉ። 77891 ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ 77491 ቀይ፣ 77499 ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ናቸው። ዝርዝር ከሌለው ምንም ያህል ቢረክስ እዚያው ተዪው። በዩቪ (በሐምራዊ) መብራት ሥር የሚያበራውን ኒዮን ቀለም ዓይን አካባቢ አታድርሺ።

ለጀማሪ ስምንት ቀለም ይበቃል፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ደማቅ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ። ነጩን ግን ሁለት ግዢ፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው፣ ከሁሉም ቀድሞ የሚቆሽሸውም እሱ ነው። አንዱ ለስፖንጅ፣ አንዱ ለመስመር ብቻ ይሁን። ብሩሽ፦ ክብ ቁጥር 2 እና ቁጥር 4፣ ጠፍጣፋ ግማሽ ኢንችና አንድ ኢንች። ስፖንጁ የሜካፕ ዓይነት፣ ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ ይሁን። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ፊት ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። ክቡን ለሁለት ግመሺው፤ ለ40 ልጆች ቢያንስ 40 ግማሽ ያስፈልግሻል። ለምን 40 እንደሆነ የጤናውን ነገር የሚያውቁት ይነግሩሻል።

አሁን ወደ ውሃው። የዚህ ሙያ ሦስት እጁ ውሃ መለካት ነው። መስመርሽ የሚቆረጠውም የሚፈሰውም እጅሽ ስለተንቀጠቀጠ አይደለም።

ለስፖንጅ፦ ስፖንጁን ውሃ ውስጥ አትንከሪ። ቀለሙ ላይ በመርጫ ሁለቴ ጫን አድርጊና ደረቁን ስፖንጅ አምስት ስድስት ጊዜ እያዞርሽ እሺው። አረፋ ካየሽ ውሃ በዝቷል፤ ሶፍት ላይ ተጫኚውና እንደገና ቀለም አንሺ። ፊት ላይ ስታስቀምጪው መታ መታ እያደረግሽ እንጂ እየጠረግሽ አይሁን። ከጠረግሽ የታችኛውን ገፈሽ ታነሺዋለሽ።

ለብሩሽ፦ ውሃ ነክተሽ በኩባያው አፍ ላይ አራግፊው። ከዚያ ቀለሙ ላይ ጋደም አድርገሽ ከ10 እስከ 15 ጊዜ አዙሪው። ፀጉሩ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ቀለም ይጠጣ፤ ብረቱ ጋ ግን አይድረስ። ብረቱ ሥር ቀለም ከደረቀ ፀጉሩ ይበተንና ጫፉ አይሾልም። የቀለሙ ውፍረት እንደ ረጋ እርጎ ይሁን። እጅሽ ጀርባ ላይ አጭር መስመር ሞክሪ፦ ከተንጠባጠበ ውሃ በዝቶበታል፤ እየተቆራረጠ ቆዳው ከታየ ውሃ አንሶታል። ይህንን ሙከራ በየልጁ አድርጊው፤ የድሬ አየር ብሩሹን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያደርቀዋል።

የሚፈስ መስመር ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያለው መደብ (በስፖንጅ የተቀባው የሥር ቀለም) ስላልደረቀ ነው። ስፖንጁን ካነሳሽ በኋላ ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ጠብቂ፤ በማራገቢያ ይፈጥናል። በአፍሽ ግን አትንፊበት። ያን ጊዜ የልጁን ስም ጠይቂ፣ ቀጣዩን ቀለም በውሃ አንቂ።

አያያዙ፦ ለቀጭን መስመር ብሩሹ ከቆዳው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ለወፍራም ተጫኚው። ትንሿ ጣትሽ በንጹሕ ስፖንጅ ላይ ሆና ጉንጩ ላይ ትረፍ፤ ልጁ ቢንቀሳቀስ እጅሽም አብሮት ይሄዳል። መስመሩን ከክንድሽ አምጪው፤ በጣት የተሣለ ረጅም መስመር መንቀጥቀጡ አይቀርም። መጀመሪያ የምትማሪው ቅርጽ የእንባ ጠብታው ነው፦ ብሩሹን ተጫኚ፣ ወደ ራስሽ እየሳብሽ ቀስ በቀስ አንሺው፣ በጭራ ይለቅ። አበባውም፣ የቢራቢሮ ክንፉም፣ የነብር ጭረቱም ከዚህ አንድ ምት ይወጣል። በቀን 100 ጠብታ በሸክላ ሳህን ጀርባ ላይ ሥሪ፣ እጠቢው፣ ድገሚው። ሳህኑ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ከወረቀት ይልቅ ጉንጭን ይመስላል። ከዚያ ወደ ክንድሽ ውስጠኛው ክፍል እለፊ።

አንድ የድሬ ነገር ልጨምር። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው የቧንቧ ውሃችን ዝቃጭ የመርጫውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ብሩሽ ሥርም ይከማቻል። ለመርጫው የሃይላንድ ውሃ ተጠቀሚ፤ ለማጠቢያው ፈልቶ የቀዘቀዘና የጠለለ ይበቃል።

የቆዳ ነገር

ብሩሽ 4 ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ከመቀባቱ በፊት ያለውን ልጨምር፤ ልጁ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ፊቱን ማየት ማለቴ ነው።

የማይቀባ ልጅ አለ። ከንፈሩ ላይ ምች ያለበት፣ ዓይኑ ቀልቶ ማዝ የያዘው፣ ጭርት ወይም የሚያዥ ቁስል ያለው፣ ፊቱ የተላጠ ወይም በፀሐይ የተቃጠለ። «ትንሽ ነው፣ እሱን ዝለይው» ቢሉሽም አትቀቢ። ምች በስፖንጅ፣ ከስፖንጅ ወደ ቀለሙ፣ ከቀለሙ ወደ ቀጣዩ ልጅ ይሄዳል። ልጁን ግን ከነ ዕንባው አትመልሺው፤ ክንዱ ላይ ሥሪለት። ለክንድ የሚሆን ሁለት ሦስት ሥዕል ከፊቱ አዘጋጅተሽ ያዢ። ከ3 ዓመት በታች ያለውን ፊቱን ጨርሶ አትንኪ። ቆዳው ስስ ነው፣ እጁንም ወደ ዓይኑና ወደ አፉ ይወስዳል።

የአለርጂ ሙከራ ቀድሞ ይደረግ። የክርን እጥፋት ውስጥ ወይም የእጅ አንጓ ላይ ትንሽ ቀብቶ 24 ሰዓት ማየት ነው። ለልደት ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት የልጁን ቤተሰብ ማግኘት ይቻላል። ለ40 ልጅ ምርቃት የማይቻል ከሆነ ትምህርት ቤቱ ለወላጆች ወረቀት ይላክ፦ የቆዳ ችግር፣ ለሳሙና ወይም ለቅባት የሚቆጣ ቆዳ፣ ፈቃድ። የፈረመ ወላጅ የሌለው ልጅ አይቀባም። አንዳንድ ቤተሰብ ፊት ላይ የእንስሳ መልክ እንዲሣል አይፈልግም፤ እሱንም እዚያው ወረቀት ላይ ጠይቂ።

40 ስፖንጅ ለምን እንደሆነ፦ አንድ ልጅ አንድ ስፖንጅ። የተጠቀምሽበትን ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ጣይው፣ ማታ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ። ለየልጁ አዲስ ብሩሽ ማቅረብ ስለማይቻል ሁለት ስብስብ ይኑርሽ፦ አንዱ ሲሠራ ሌላው በሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ 70 በመቶ አልኮል ነክቶ ይደርቃል። አልኮሉ ጨርሶ ሳይተን ፊት ላይ እንዳይደርስ፣ ዓይን ያቃጥላል። ከፋርማሲ የምታገኚው 96 በመቶ ከሆነ 730 ሚሊ ሊትር ወስደሽ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 1 ሊትር ሙዪው። ጠንካራው ይበልጣል ብለሽ እንዳለ አትጠቀሚ፤ 96 በመቶው ቶሎ ስለሚተን ተህዋስያኑን ለመግደል ጊዜ አያገኝም።

ግሊተር (የሚያብረቀርቀው ብናኝ)፦ ለእደ ጥበብ የሚሸጠው ጠርዙ ስለት ነው፤ የዓይን ብሌን ይጭራል። ለፊት ተብሎ የተሠራው መጠኑ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። እሱንም በጄል ጉንጭ ላይ ለጥፊው። የዓይን ቆብ ላይ አታድርጊ፣ ከላይም አትነስንሺ። ንፋስ ባለበት ዳስ ሥር ከሆነ ባይኖርም ሥዕሉ አይጎድልም።

የከዚራዋ

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ጥቁሩ መስመር ላብ እንዳያነሳው በጥቁር ሂና ብሠራው ምን ይላችኋል? የእጅ ሂና የሚሠሩ ሴቶች ጋ በቀላሉ ይገኛል፤ ሳምንት ይቆያል ይላሉ።

የቆዳ ነገር

እህቴ፣ ይኼን አደራሽን።

እውነተኛው ሂና ከቅጠል ነው፤ ጥቁር አይደለም። ከብርቱካናማ ተነስቶ በአንድ ሁለት ቀን ወደ ቀይ ቡኒ ይጠቁራል፣ ለመያዝም ቆዳው ላይ ሰዓታት መቆየት አለበት። በግማሽ ሰዓት ከሰል የመሰለ ጥቁር የሚሰጥ ከሆነ ውስጡ የፀጉር ማጥቆሪያ ገብቶበታል። ያ ነገር ፒ.ፒ.ዲ. (ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን) ይባላል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የፀጉር ቀለም ውስጥ ፀጉር ላይ ሲቀባ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ቆዳ ላይ በቀጥታ መቀባት ጨርሶ አልተፈቀደም። ሂናው ውስጥ ሲደባለቅ ደግሞ የሚለካው የለም።

ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ ነው ሰው የሚታለለው። ከቀናት በኋላ የሥዕሉን ቅርጽ ይዞ ያሳክካል፣ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፤ ጠባሳ ወይም ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል። አንዴ ሰውነቱ ከተቆጣ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ይቆጣል። ልጅቷ አድጋ ፀጉሯን ስትቀባ ፊቷ ሊያብጥ ይችላል፤ ከአንዳንድ የጨርቅ ማቅለሚያና መድኃኒትም ጋር ይጋጫል። የድሬና የሐረር እናቶች ለሠርግና ለኢድ የሚቀቡት ቀዩ ሂና ሌላ ነው፣ እሱ የእጅና የእግር ጌጥ ነው። ፊት ላይ ግን ቀዩንም አትሥሪ፤ ሰኞ ትምህርት ቤት ሲሄድ የማይታጠብ ጢም ይዞ የሚሄድ ልጅ ታተርፊያለሽ።

ጥቁር መስመርሽ እንዲቆይ ከፈለግሽ ሰም የበዛበትን ጥቁር ግዢ፤ የዚህን ልዩነት ብሩሽ 4 ቢያስረዳ።

ብሩሽ 4

በውሃ የሚነቃው ቀለም በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። ግሊሰሪን የበዛበት በትንሽ ውሃ ይነቃል፣ በስፖንጅ ለስላሳ ሆኖ ይዘረጋል። ግን ግሊሰሪን እርጥበት ስለሚስብ ላብ ሲነካው ይለጣጠፋል፣ ልጁ ፊቱን ሲነካም ወደ እጁ ይሄዳል። ሰም የበዛበት ማንቃቱ ጥቂት ይበልጥ ድካም አለው፣ ደርቆ ግን ይቀመጣል፤ መስመሩም ጥርት ይላል። ለእኛ አየር ጥቁሩና የመስመሩ ነጭ ከሰሙ ወገን ይሁኑ፤ ሌሎቹ የትኛውም ቢሆኑ ችግር የለም።

ሰሙ ግን መኪና ውስጥ ይቀልጣል። ሳጥኑን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪናም ሆነ ባጃጅ ውስጥ አትተዪ። ማታም ቀለሞቹ ሳይደርቁ ክዳናቸውን አትግጠሚ። በዚህ ሙቀት እርጥብ ሆኖ የተዘጋ ቀለም ይሻግታል፣ የሻገተ ደግሞ ተፍቆ አይድንም፤ ይጣላል። ስስ ጨርቅ አልብሰሽ አሳድሪውና ጠዋት ክደኚው።

ጁገል በር

ከሐረር ነኝ። እዚህ ከድሬ ወደ 700 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ላቡ ይቀለናል፤ ለድሬ ሰኔ የሚሠራውን ግን ልንገርሽ። ብሩሽ 4 ስለ ውሃ ነገረሽ፣ እኔ ስለ ቅባት።

እናት ልጇን ለምርቃት ስታዘጋጅ ፊቱን ቫዝሊን ወይም ቅባት ሳትቀባው አትልክም፤ ጋዋን የለበሰ ልጅ ፊቱ ማብራት አለበት። በውሃ የሚነቃ ቀለም ግን ቅባት ላይ አይዝም፤ ተንጠባጥቦ እንደ ጤዛ ይቆማል። «ቀለሙ መጥፎ ነው» ከሚባሉት ቅሬታዎች ብዙዎቹ ይኼው ናቸው። በወላጆቹ ወረቀት ላይ «ፊቱን ቅባት አትቀቡ» የሚል አስጨምሪ። ተቀብቶ ከመጣ በደረቅ ሶፍት ተጭነሽ አንሺ፣ ከዚያ ትንሽ ሳሙና በነካ እርጥብ ሶፍት ጥረጊ፣ በንጹሕ ውሃ ድገሚ፣ አድርቂ። በዋይፕስ ብቻ አትተማመኚ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ቅባት አላቸው።

ላቡ የሚበዛው ግንባር፣ የአፍንጫ ጫፍና የላይኛው ከንፈር ላይ ነው። መፍትሔው ቀለሙን ማጠንከር ሳይሆን እነዚያን ቦታዎች መተው ነው። ሥዕሉን ከቅንድብ ጫፍ እስከ ጉንጭ አጥንት፣ ከዓይን ጥግ ወደ ጆሮ በሚሄደው ቦታ ላይ አስቀምጪ። እዚያ ቆዳው ደረቅ ነው፣ ልጁም ሲበላና ሲጠጣ አይነካውም። ሻሽ የለበሰች ልጅም ብትመጣ ይኼው ቦታ ከሻሹ ጠርዝ ጋር ይስማማል። ላብ ካቸፈቸፈ ሶፍት ጫን አድርገሽ አንሺ እንጂ አትጥረጊ። አንዳንዱ ፓውደር ይነሰንሳል፤ እኔ ለልጆች አልመክርም፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ጠይም ቆዳ ላይም ነጭ ጥላ ይጥላል።

አመድ ስለሚመስለው፦ ሮዝና ውሃ ሰማያዊ ነጭ የተቀላቀለባቸው ቀለሞች ናቸው። ስስ ሆነው ሲቀቡ ቡኒው ቆዳ በሥራቸው ያልፍና ግራጫ ይሆናሉ። ሁለት መንገድ አለሽ። አንዱ ከሥር ነጭ መደብ ማስቀመጥ፣ ማድረቅ፣ ከላይ መቀባት። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ የፈዘዙትን ቀለሞች ጨርሶ መተው ነው። ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ደማቅ አረንጓዴና ወርቃማ ጠይም ቆዳ ላይ ያለ ምንም መደብ ይበራሉ፤ እንደ ሐረሪ ሰፌድ ቀለም ተመልከቻቸው። መደብ ሲጨመር ንብርብሩ ይወፍራል፣ ወፍራም ንብርብር ደግሞ ላብ ሲነካው ቀድሞ የሚነሳ ነው። ጥቁር መስመርም በጣም ጠይም ቆዳ ላይ ይጠፋል፤ የቅርጹን ዳር በነጭ ዝጊው፣ ጥቁሩን ከነጩ ጎን ለጥላ ብቻ አስገቢ።

ለምርቃቱ አራት ሥዕል በቂ ነው። ከአራት በላይ ካሳየሽ ልጁ ምርጫ ላይ ይቆማል።

አደይ አበባ፦ ስምንት ቢጫ ጠብታ ከዳር ወደ መሃል፣ በቁጥር 4 ብሩሽ። መሃሉ ላይ ብርቱካናማ ነጥብ፣ ከሥር ሁለት አረንጓዴ ጠብታ። ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው፤ ለእንቁጣጣሽም ይሆንሻል።

ቢራቢሮ፦ በአንድ ስፖንጅ ጫፍ ላይ ቢጫ፣ ከሱ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ዳር ላይ ቀይ አንስተሽ ከቅንድብ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ውጭ አንዴ፣ ከዓይኑ በታች ጉንጩ ላይ አነስ አድርገሽ አንዴ አሳርፊ። ቢጫው ወደ ዓይን ይሁን። ከደረቀ በኋላ የክንፉን ዳር በነጭ ጠብታዎች ክበቢ፣ ሁሉም ጭራቸው ወደ ዓይኑ ጥግ ይመልከት። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጭራዎቹ የተለያየ አቅጣጫ ካዩ ክንፍ አይመስልም። ለአንድ ወገን ብቻ ሥሪው፤ ሁለቱን ወገን እኩል ማድረግ ጊዜ ይበላል፣ ትንሽ ቢዛነፍም ዓይን እዚያ ላይ ያርፋል።

ነብር ለሚሉት ወንዶች ልጆች ሙሉ ፊት አትግቢ። ጉንጩ ላይ ብርቱካናማ መደብ፣ ከዳር ወደ አፍንጫ የሚሾሉ ሦስት ጥቁር ጭረቶች፣ በመሃላቸው ነጭ።

አራተኛው ጅብ ነው። እኛ አገር ልጁ የሚያውቀው አውሬ እሱ ነውና ሊቀርለት አይገባም። ቡኒን ከቢጫ ጋር ቀላቅለሽ መደብ አድርጊ፣ ከደረቀ በኋላ በብሩሽ ጫፍ እኩል ያልሆኑ ጥቁር ነጥቦች ጣል ጣል አድርጊ። ክብ ጆሮ ከቅንድቡ በላይ፣ ጥቁር አፍንጫ ጉንጩ ላይ። ጆሮው ከሾለ ውሻ ይሆንብሻል። ቡኒ ከሌለሽ ብርቱካናማ ላይ ጥቂት ጥቁር ጨምሪ።

ዓይን አጠገብ ስትሠሪ «ጨፍን» አትበዪው፤ አጥብቆ ሲጨፍን ቆዳው ይጨማደዳል፣ ሥዕሉም ሲከፍት ይሰነጠቃል። «ጣራውን እይ» በዪው። ከሽፋሽፍቱ ሥር ግማሽ ጣት ያህል ራቂ።

ብሩሽ 4

በነጩ መደብ ላይ ከጁገል በር ጋር አልስማማም። ሮዝ ካላገኘች የማትነሳ ልጅ ትመጣለች፣ «ሮዝ የለኝም» ደግሞ መልስ አይሆንም። መደቡን በስስ መታ አድርጎ ሳይወፍር ማስቀመጥ ይቻላል፤ ወፍራም የሚሆነው ውሃ ያነሰው ነጭ ሲጫኑ ነው። ስለ ፓውደሩና ላብ ያለበትን ቦታ ስለ መተው ግን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

የከዚራዋ

አንድ ነገር ቀረኝ። 40 ልጅ በሁለት ሰዓት ይደርሳል ወይ? ከጨረሱ በኋላ ወላጆቹ በምን ያጥቡት? ክፍያስ በልጅ ነው በሰዓት?

ጁገል በር

ቁጥሩን አብረን እናውጣው። የጉንጭ ሥዕል 3 ደቂቃ ቢፈጅብሽ፣ ልጅ ማስነሣትና ማስቀመጥ፣ ፊት ማየትና ስፖንጅ መቀየር 1 ደቂቃ ይወስዳል። በሰዓት 15 ልጅ ማለት ነው፤ 40ው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። አይደርስም። ያለሽ ምርጫ ሥዕሉን በ2 ደቂቃ ማውረድ ነው (በሰዓት 20፣ በሁለት ሰዓት ልክ 40፣ እስትንፋስ የለውም)፣ ካልሆነ ሁለተኛ ሰው መያዝ። ለመጀመሪያ ሥራሽ ሁለተኛ ሰው ያዢ። መሣል የማትችል እንኳ ብትሆን ፊት የምትጠርግ፣ ወረቀቱን የምታይና ተራ የምታስይዝ ረዳት ያንን 1 ደቂቃ ታነሳልሻለች። አደይ አበባውን ሰዓት ይዘሽ ሞክሪ፤ ከ2 ደቂቃ ካለፈ ቅጠሉን አስቀሪ።

ተራውን በቁጥር ወረቀት አሲዢ፣ 1 እስከ 40። ዝግጅቱ ሊያልቅ 20 ደቂቃ ሲቀረው ሰልፉን የሚዘጋ ሰው ከትምህርት ቤቱ ይመደብ፤ የሚያለቅስ ልጅና የሚቆጣ ወላጅ ፊት አንቺ አትቁሚ። ልጁ ከፍ ባለ በርጩማ ላይ ይቀመጥ፤ ዝቅ ብለሽ 40 ጊዜ ካጎነበስሽ በማግሥቱ ወገብሽ አይታጠፍም። ፊቱ ወደ ብርሃኑ፣ ጀርባው ወደ ሕዝቡ፤ ጓደኞቹን ካየ አንገቱ አያርፍም።

ክፍያው በሰዓት ይሁን። በልጅ ከሆነ ከፋዩ የሚያየው ቁጥሩን ነው፣ አንቺም እጅሽን ስታፈጥኚ የሚቀረው የስፖንጅ ቅያሬው ነው።

የቆዳ ነገር

አጠባው፦ ሳሙናውን መጀመሪያ በእጅ አረፋ አድርጎ ለብ ባለ ውሃ፣ ሳይፈትጉ፣ ሁለት ጊዜ። ዓይን አካባቢ የሕፃን ሻምፑ በጥጥ። ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ጥላ ትተው ሊቀሩ ይችላሉ፤ የኮኮናት ወይም የሕፃን ዘይት ቀብቶ ሁለት ደቂቃ አቆይቶ እንደገና በሳሙና ማጠብ ነው፤ የቀረው በማግሥቱ ይለቃል። በደረቅ ፎጣ ወይም በዋይፕስ መፈተግ ቆዳውን ያቆስለዋል፤ ከዚያ «ቀለሙ አቃጠለው» ይባላል። ቀለሙን ተቀብቶ ማደርም የለም። ይህንን በትንሽ ወረቀት አባዝተሽ ለእያንዳንዱ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ክተቺ። የተጠቀምሽባቸውን ቀለሞች ስምና የይዘት ዝርዝርም በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ያዢ፤ አንድ ልጅ ፊቱ ቢቆጣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የከዚራዋ

ሁሉንም ጽፌ ያዝኩ። የወላጆቹን ወረቀት ነገ ለትምህርት ቤቱ እሰጣለሁ፣ ረዳትም እፈልጋለሁ። ሳህኑ ላይ ጠብታውን ከዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ቁጥር 4 ብሩሹ ክሩ ሰው ሠራሽ (ናይለን) ይሁን ወይስ የፀጉር?

ብሩሽ 4

ናይለኑን ያዢ። የፀጉሩ ውሃ ይጠጣና ቀለሙን ያቀጥንብሻል፤ ናይለኑ ወዲያው ቀጥ ይላል፣ አልኮሉንም ይችላል። ስትገዢ ጫፉን በውሃ አርጥበሽ አንዴ አራግፊው፤ ወደ አንድ ሹል ካልተሰበሰበ ሌላ አንሺ።